አባ ሳሙኤል ዘዋልድባና አንበሶቻቸው

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። በተራራ ተከብቦ የተኛው ውሃ፣ በውሃው ዳር የቆመው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ከዚያም ወዲያ የሚታየው የአምባሰል ተራራ ለወሎ ልጅ የተለመደ ነገር ነው። አገሩን አይቶ የማያውቅ ተማሪ እንኳ ቢሆን አምባሰልን በክራር ቅኝቱ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ይህ አገር ስለ ውበቱና ስለ ዜማው ብቻ ሲነሣ እኛን ተማሪዎችን ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል፤ ሐይቅ ከእኛ ዩኒቨርሲቲ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነበርና።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ የገቡት በ1248 ግድም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1293 እስኪያርፉ ድረስ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩና መጻሕፍት ሲያስጽፉ ኖሩ፤ በ1280 ግድም ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ከእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የገዳማቱ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር፣ ኢየሱስ ሞዐ ተክለ ሃይማኖትን፣ ተክለ ሃይማኖት መድኃኒነ እግዚእን፣ መድኃኒነ እግዚእ ደግሞ ሳሙኤልን ወለዱ ይባላል። ይህ ልደት የቆብና የትምህርት ልደት እንጂ የሥጋ አይደለም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አራተኛው ሰው፣ ስለ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ ነው። የሐይቅ ትምህርት ከመጽሐፍ ቤት ወጥቶ እስከ አንበሳ ጎሬ ደጃፍ የደረሰው በእርሳቸው ነውና።

ስለ እርሳቸው የምናውቀው ከገድላቸውና ታኅሣሥ 12 ቀን ከሚነበበው ስንክሳር ነው። ገድላቸውን ቱራዬቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ በ1902 በሴንት ፒተርስበርግ አሳትሞታል። የአገራችን መናኝ ታሪክ በኔቫ ወንዝ ዳር ሲታተም ከእኛ ስንቱ ያውቅ ነበር? ገድል እንደ ጋዜጣ የሚነበብ አይደለም፤ ዓመትና ሰዓት የሚቆጥር መዝገብም አይደለም። ነገር ግን ገድል የጻፈው ሰው ምን እንዳደነቀና ምን እንደወደደ በግልጽ ይነግረናል፤ ይህም ራሱ ታሪክ ነው።

አባ ሳሙኤል ከአክሱም ወገን ናቸው፤ አባታቸው እስጢፋኖስ፣ እናታቸው ዓመተ ማርያም ይባላሉ። ዘመኑ የ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና የ15ኛው መጀመሪያ ነው። በትግራይ ምድር ወደሚገኘው ወደ ደብረ በንኰል ገብተው ከአባ መድኃኒነ እግዚእ እጅ መነኰሱ። በዚያ ጊዜ በንኰል ብዙ ደቀ መዛሙርት ያሉበት፣ ጸሎቱም ሥራውም በማኅበር የሚካሄድበት ገዳም ነበር። ሳሙኤል በዚያው ቢቀሩ ምናልባት መምህር ወይም አበ ምኔት ሆነው በታወቁ ነበር። እርሳቸው ግን ማኅበሩን ትተው ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ወረዱ።

በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ነገር ይተረካል። አባ ሳሙኤል ከአንድ ትልቅ ወንዝ ደርሰው ሲሻገሩ መጽሐፍና እሳት ይዘው ነበር። ከመካከል ሲደርሱ ውሃው አጥለቀለቃቸው፤ ሆኖም ወደ ማዶ ሲወጡ መጽሐፉ አልራሰም፣ እሳቱም አልጠፋም። ተአምሩን የሚያምን ያምነዋል። እኔን የገረመኝ ግን የያዙት ነገር ነው። ወደ በረሃ የሚወርድ ሰው ጦር ይይዛል፣ ስንቅ ይይዛል፣ ውሻም ያስከትላል። እኒህ ሰው የያዙት መጽሐፍና እሳት ብቻ ነው። መጽሐፉ ከሐይቅ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣው ትምህርት ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

የገቡበት አገር ዋልድባ ነው። ዋልድባ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ወደ ተከዜ የሚያዘነብል ቆላ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ንዳድ አለበት፤ ምድሩ ድንጋይና እሾሃም ግራር ይበዛበታል። የዋልድባ ሥርዓት ከሌሎች ገዳማት የሚለይበት አንድ ነገር እስከ ዛሬ የታወቀ ነው፤ በዚያ እህል አይዘራም፣ መነኮሳቱም የሚኖሩት ቋርፍ በሚባለው ከሥራ ሥር በሚዘጋጀው ምግብ ነው። አንባቢዬ ይህን የምግብ ነገር ለጊዜው በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስንክሳሩ ስለ አውሬዎቹ የሚናገረው አጭር ነው። አንበሳና ነብር እየመጡ በአባ ሳሙኤል እግር ሥር ይተኙ፣ የእግራቸውንም ትቢያ ይልሱ ነበር፤ አባ ሳሙኤልም የአውሬዎቹን ቁስል ይጠርጉ፣ የተሰገሰገባቸውን እሾህ ይነቅሉላቸው ነበር ይላል። ሠዓሊዎቻችን ግን የወደዱት ሌላውን መልክ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አባ ሳሙኤልን የምናያቸው በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ነው። አንበሳው እንደ በቅሎ ተሸክሟቸው ይሄዳል። ሕፃናት ሳለን እናቶቻችን በጣታቸው እያመለከቱ ያሳዩንም ይህንኑ ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ግን የወዳጅነቱን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን አያሳይም። መጀመሪያው እሾሁ ነው።

ስለዚህ እሾህ ጥቂት እናስብ። አንበሳ በእግሩ ላይ እሾህ ከተሰካበት እንደ ልቡ አይሮጥም፤ ካልሮጠ ድኩላም ሆነ ጎሽ አይዝም። ከተራበ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄደውን፣ ለመያዝ የማያስቸግረውን ይፈልጋል፤ ይኸውም የቤት ከብትና ሰው ነው። በሕንድ አገር ሰው በላ አውሬዎችን ሲያድን የኖረው ጂም ኮርቤት በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አመልክቷል፤ ብዙዎቹ ሰው በላ የሆኑት በጥይት ከቆሰሉ ወይም የጃርት እሾህ ከወጋቸው በኋላ ነው። በአፍሪቃ አንበሶችም ላይ የጃርት እሾህ ያደረሰው ጉዳት በኋላ በተመራማሪዎች ተጽፏል። እንግዲህ ገድሉን የተረኩት ሰዎች ያለ ምክንያት እሾህን አልመረጡም፤ በቆላ የኖሩ፣ አውሬውን ያወቁ ሰዎች ናቸው። የቆሰለ አንበሳ ከጤነኛው ይልቅ የሚፈራ ነው። አባ ሳሙኤል የቀረቡት ይህን የሚፈራውን ነው።

ደግሞም እሾህ መንቀል በሩቅ አይሆንም። ተንበርክኮ መዳፉን መያዝ ያስፈልጋል። እሾሁ ሲነቀል መጀመሪያ ሕመሙ ይብሳል፤ በዚያች ቅጽበት አውሬው ሐኪሙን ከጠላቱ ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ገድሉ ቀኑን ባይቆጥርልንም እኛ ልናስበው እንችላለን፤ አንድ ሰውና አንድ አንበሳ ከአንድ ውሃ እየጠጡ፣ በአንድ ዱካ ላይ እየተላለፉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ብዙ ክረምትና በጋ ማለፍ ነበረበት።

አሁን ወደ ቋርፉ እመለሳለሁ። ሰውና አንበሳ ለምን ይጣላሉ? የሚጣሉት በከብት ነው። እረኛው በሬውን ይወዳል፤ አንበሳውም በሬውን ይወዳል። ገበሬው ጫካውን መንጥሮ እህል ሊዘራ ይፈልጋል፤ አንበሳው ጫካውን ይፈልጋል። አባ ሳሙኤል ግን በሬ አልነበራቸውም፤ ፍየልም አልነበራቸውም፤ እርሻም አልነበራቸውም። የሚበሉት አንበሳ የማይበላውን ሥራ ሥር ነው። በመናኙና በአውሬው መካከል የሚያጣላ ንብረት አልነበረም። ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ የዋልድባው ሰላም ከሰማይ ብቻ የወረደ አይደለም፤ አንደኛው ወገን የሚያጣላውን ነገር አስቀድሞ ስለ ተወ የመጣ ሰላም ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለገበሬው ዐመፅ ይሆንብኛል። አንድ በሬ ያለውን የአምባሰል ገበሬ፣ ያንኑ በሬ አውሬ ቢበላበት፣ አንበሳን ውደድ ብሎ መስበክ ከተማ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ቀላል ነው። ለገበሬው በሬው እርሻው ነው፤ እርሻው የልጆቹ ነፍስ ነው። አባ ሳሙኤል የሚመግቡት ልጅ አልነበራቸውም። የእርሳቸው መንገድ ለሁሉ የሚሆን አይደለም፤ እርሳቸውም ሁሉ ይከተለኝ ብለው ወደ ገበያ አልወጡም።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በ5ኛው ምዕተ ዓመት በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ የኖሩ አባ ጌራሲሞስ ከአንበሳ እግር እሾህ ነቀሉ ይባላል። ያ አንበሳ ግን ከዚያ በኋላ የገዳሙ አገልጋይ ሆነ፤ አህያ እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ አህያዋ በነጋዴዎች ስትሰረቅ በላሃት ተብሎ ተከሰሰ፤ በቅጣትም ውሃ እንዲያመላልስ ተደረገ። እውነቱ የተገለጠው በኋላ ነው። ጌራሲሞስ ሲያርፉም በመቃብራቸው ላይ ተኝቶ ሞተ። በአገራችን ደግሞ በዝቋላ የሚታሰቡትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር የማያውቃቸው የለም። ከእነዚህ ሁሉ የአባ ሳሙኤል ታሪክ የሚለይበት ነገር አለ። በስንክሳሩ የአንበሶቹ ቁጥር አልተነገረም፤ ስምም አልወጣላቸውም፤ ሥራም አልተሰጣቸውም። አውሬው ይመጣል፣ ይታከማል፣ ወደ ጫካው ይመለሳል።

ይህን ከነገሥታቱ ሥራ ጋር ስናነጻጽረው ትርጉሙ ይጎላል። አባ ሳሙኤል በኖሩበት ዘመን ከነገሡት አንዱ አፄ ዳዊት (1382–1413) ናቸው። በዚያ ዘመን በአምባሰል ተራሮች መካከል ባለችው በግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ለመንገሥ የወረዱት ከዚያው አምባ ነው። በሐይቅ ገዳም የቆመ መነኩሴ ወደ አምባሰል ቀና ብሎ ሲመለከት በዚያ ተራራ ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች እንዳሉ ያውቅ ነበር። ሥልጣን የሚፈራውን ኃይል አጥር ሠርቶ ያስቀምጠዋል፤ ሰውም ቢሆን፣ አንበሳም ቢሆን። ከብዙ ዘመን በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በአጠገባቸው ለማዳ አንበሶች ያቆሙ እንደ ነበረ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። በ1948 ደግሞ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ተሠራ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥቂት እርምጃ ነውና፣ ለፈተና ሲያጠና ያመሸ የስንት ዘመን ተማሪ ሌሊት የእነዚያን አንበሶች ድምፅ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። በአጥር ውስጥ የሚያገሣ አንበሳ ድምፁ የአንበሳ ነው፤ ግን የሚጠራው ጫካ የለም።

በሁለቱ ወዳጅነቶች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ቤተ መንግሥት አንበሳን የሚወደው ኃይሉን ለራሱ ምልክት ለማድረግ ነው። መናኙ አንበሳን ያወቁት በድካሙ ጊዜ ነው። አንዱ አንበሳው እንዳይሄድ ይፈልጋል፤ ሌላው አንበሳው መሄድ እንዲችል እሾሁን ይነቅላል።

ከመካከላችን ይህ ሁሉ ተረት ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም አንበሳው በእርግጥ እንዴት እንደ ተኛ፣ ቁስሉስ እንዴት እንደ ተጠረገ በምስክር አላረጋግጥም። ነገር ግን ተረት ነው ብንል እንኳ ጥያቄው አያልቅም። ሕዝብ ጀግና ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አውሬ የገደለውን ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ዘንዶውን ሲወጋ በየቤታችን ሰቅለነዋል። አንበሳ የገደለ ሰው ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት በነበረበት አገር ውስጥ አንድም አውሬ ያልገደለ፣ ይልቁንም ቁስል የጠረገ ሰው ከ500 ዓመት በላይ ሲከበር መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን ታሪክ የተቀበለው ያው ፉከራውን የሚያውቀው ሕዝብ ነው። ሁለቱንም በልቡ ይዞ ኖሯል።

አባ ሳሙኤል እስከ መጨረሻው ብቻቸውን አልቀሩም። ብቸኝነትን ፈልገው ወደ ዋልድባ ቢወርዱም ስማቸው ወጥቶ ደቀ መዛሙርት ተከተሏቸው፤ ዋልድባም በስማቸው የሚታወቅ ታላቅ የምናኔ አገር ሆነ። ውዳሴ ማርያምን ሲጸልዩ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይሉ ነበር ተብሎ ይተረካል። ያረፉት ታኅሣሥ 12 ቀን ነው፤ በየዓመቱም በዚህ ቀን ይታሰባሉ። በዚያ ቀን አንበሶቹ ምን እንደ ሆኑ ስንክሳሩ አይነግረንም። እንደ ዮርዳኖሱ አንበሳ በመቃብር ላይ ሞቱ አይልም። ምናልባት እንደ ወትሮው መጥተው፣ ጥቂት ቆይተው ሄደው ይሆናል።

የእኛ ዘመን ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። በ2012 የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከስድስት ኪሎው ግቢ አንበሶች የ15ቱን ደም መርምረው፣ ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪቃ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው እንዳገኟቸው አስታወቁ። ጥቁሩ ጎፈራቸው እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው የሚወርድ ነው። በ2016 ደግሞ ከዋልድባ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሱዳን ጠረፍ ባለው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በዱካና በፎቶግራፍ ተረጋገጠ። በአላጥሽና በሱዳኑ ዲንደር ባንድነት ከ100 እስከ 200 ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገምቷል። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሲነገር እንደ አዲስ ግኝት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ግን አንበሳ መኖሩን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር።

ያልጻፍነው ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ሐይቅ ራሱ ያስተምረናል። በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሐይቅን ገዳም ሲያነሣ በውሃው ውስጥ ጉማሬ እንዳለ በአገሩ ስም ጠርቶ ጽፎልናል። ዛሬ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው የሚነገረው በ1978 ወደ ውሃው ስለ ተጨመረው ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ ስለ ጉማሬው የሚያነሣ የለም። እንግዳው ባይጽፈው ኖሮ መኖሩንም ባላወቅን ነበር።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ ወሎ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ትግራይ የምትሄዱ ጓደኞቼ አንድ ደብተር ያዙ። አንበሳ ያዩ፣ ነብር ያሳደዱ፣ በሬ ያስበሉ፣ ከአውሬ ጋር ተላምዶ የኖረ ሰው ያወቁ ሽማግሌዎች ገና አሉ። የት አዩት? በስንት ዓመት? ሲቆስል ምን አደረገ? ሰዉስ ምን አደረገው? ይህን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ለዚህ መጽሔትም ላኩ። የአባ ሳሙኤልን መንገድ መሄድ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ከሐይቅ እስከ ዋልድባ የተሻገረውን መጽሐፍ ግን ሳይርስ ለሚቀጥለው ማሻገር የተማሪ ሁሉ ዕዳ ነው።